የጥጥ ክር በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር ሙቀቱን መቆጣጠር

የጥጥ ክር አብጦ እንዲያንጸባርቅ በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል) ውህድ ይነከራል። 200 ግራም ኮስቲክ ሶዳ 800 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያማስሉ። ውሃውን ሶዳው ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ ፈልቶ ይፈናጠራል። 20 ዲግሪ የነበረው ውሃ ወደ 80 ሊጠጋ ስለሚችል መነጽርና የጎማ ጓንት የግድ ነው። ዕቃው የማይዝግ ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየምን ሶዳው ይበላዋል።

ከዚያ ዕቃውን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው 15–18 ዲግሪ እስኪደርስ ይታገሱ። ብዙ ክር የሚበላሸው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። ጥጡ የተሠራበት ሴሉሎስ ሶዳ ሲጠጣ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀት የሚያወጣ ሂደት ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይዳከማል፤ ስለዚህ ውህዱ በሞቀ ቁጥር ክሩ የሚያብጠው ያነሰ ነው፣ አንጸባራቂነቱም ይደክማል።

ተቀቅሎ የጥጡ የተፈጥሮ ሰም የለቀቀውን ክር ወጥረው 1–2 ደቂቃ ይንከሩ፤ ቴርሞሜትሩ ከ20 ካለፈ በረዶ ሳፋው ላይ ይጨምሩ እንጂ ውህዱ ውስጥ አይጨምሩ፤ ይቀጥናል። እንደተወጠረ በብዙ ውሃ አጥበው ጥቂት አቼቶ ባለበት ውሃ ያለቅልቁ። ሶዳው ሳይወጣ ከላላ ይኮማተራል።