«አይሠራም» ለሚል ጉዳይ ምን እናድርግ?

የክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት የጉዳዮች መዝገብ፣ ማለትም ተጠቃሚዎች ስህተትና ጥያቄ የሚያስመዘግቡበት ዝርዝር፣ መበላሸት የሚጀምረው ከጉዳዩ ርዕስ ነው። እኔ የማስተዳድረው ፕሮግራም ሰነድን ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል። «አይሠራም» የሚል ጉዳይ ሲደርሰኝ ዝርዝሩን አንብቤ፣ መልስ ከመጻፌ በፊት ርዕሱን እለውጠዋለሁ፦ «በፋይሉ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ሲኖር ባዶ ፒዲኤፍ ይወጣል»። ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ስህተቱን በራሴ ኮምፒውተር ላይ ማየት አለብኝ። የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥባቸው ድረ ገጾች፣ ጊትሃብም ሆነ ጊትላብ፣ ለጉዳይ ማቅረቢያ የሚሆን ቅጽ ለማዘጋጀት ይፈቅዳሉ። አንዳንዱ አስተዳዳሪ ጥያቄ ሲደረድርበት ይውላል፤ አቅራቢውም ሳያነብ ይሞላዋል። የእኔ ቅጽ የሚጠይቀው የፕሮግራሙን ስሪት፣ ስርዓተ ክወናውን፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን ውጤት፣ እንዲሁም ስህተቱን የሚያሳየውን እጅግ ትንሹን ፋይል ብቻ ነው። የስህተት መልእክቱ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ በፎቶ የተላከ በፍለጋ አይገኝም።

ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብባል ትንሹን ፋይል እመርጣለሁ። መቶ ገጽ ሰነድ የላከን ሰው ግማሹን ቆርጦ እንዲሞክር፣ ስህተቱ ከቀጠለ የቀረውንም እንዲያጋምስ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መንስኤውን የሚደርስበት ራሱ ነው።

ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር ከተበላሸ ደግሞ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው የጊት ፕሮግራም ትእዛዝ የሆነው «ጊት ባይሴክት» አለ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ስሪት ከነገራችሁት በመካከል ያሉትን ለውጦች እያጋመሰ ያስፈትሻችኋል፤ አንድ ሺህ ለውጥ ቢኖር በአሥር ገደማ ሙከራ ጥፋተኛው ይለያል። ኮዱን ጠንቅቆ ማወቅ ስለማይጠይቅ ለአዲስ ተባባሪ በመጀመሪያ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው። ሰነድ ውስጥ የፊደል ግድፈት ልቀም ከማለት እጅግ ይሻላል።

በጉዳዮች ላይ የሚለጠፍ መለያ አታብዙ። ዴቢያን የተባለው የስርዓተ ክወና ፕሮጀክት የስህተትን ክብደት በ7 ደረጃ ይከፍላል፤ ስፋቱ ያስገድደዋል። ለእኔ «መረጃ ይጠበቃል»፣ «ተረጋግጧል» እና «ለጀማሪ» ይበቁኛል። የሚነካው ፋይል የትኛው እንደሆነና ሥራው ማለቁ በምን እንደሚታወቅ ካልጻፍኩ ግን «ለጀማሪ» የሚለውን አልለጥፍም።

የደኅንነት ቀዳዳ በይፋዊው መዝገብ ላይ አይጻፍ፤ በግል የሚላክበትን መንገድ በኮድ ማከማቻው ውስጥ በጉልህ አሳውቁ።

መዝጋትንም አትፍሩ። ጉዳዩ ተደጋጋሚ ከሆነ የቀደመውን ቁጥር ጥቀሱ፤ የማትሠሩት ከሆነ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ጊዜ ቆጥሮ የሚዘጋ ሮቦት አልወድም፤ የተረጋገጠ ስህተት ዝም ስለተባለ አይጠፋም። እኔ የምዘጋው መረጃ ጠይቄ ወር ሙሉ መልስ ያጣሁበትን ነው፤ «ፋይሉን ሲያገኙ እንደገና እከፍተዋለሁ» ብዬ እጽፍበታለሁ። አንዳንዱ ከዓመት በኋላ ይዞት ይመጣል።