የእህል ድርቆሽ፦ መቼ ይታጨድ? እንዴትስ ይድረቅ?

አጃ ወይም ገብስ ለድርቆሽ ልዘራ ነው የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ሊበላው ነው?» ብዬ ነው። የማጨጃውን ቀን የሚወስነው መልሱ ነው።

ለሚታለቡ ላሞችና ለጥጆች ከሆነ፣ ሰብሉ አርግዞ ገና መዘርዘር ሲጀምር አጭዳለሁ። የምሰበስበው ያንሳል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ለስላሳ፣ ፕሮቲኑም ከፍ ያለ ነው። ወተት ላቋረጡ ላሞችና ለበሬዎች ግን ፍሬው በጣት ሲጨመቅ ወተቱ ወፍሮ እንደ ለጋ ሊጥ እስኪሆን እታገሣለሁ፤ መኖው ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ የተረፈኝ ገለባ ነው። ገብስና ጢማም ስንዴ ላይ ግን ይህን ያህል አልጠብቅም፤ ጢሙ ሲጠነክር የከብቱን ድድና ምላስ እየወጋ ያቆስላል። ምርጫ ሲኖረኝ አጃን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ስለ ዘሩ ብዙ የምለው የለኝም። አጃ ብቻውን ከሆነ በሄክታር ከ80 እስከ 100 ኪሎ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ቬች የተባለውን የአተር ዘመድ የሆነ የመኖ ተክል ከቀላቀልኩበት የአጃውን መጠን እቀንሳለሁ፤ ቬቹ በአጃው አገዳ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፣ የመኖውንም ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል።

ትልቁ ፈተና ማድረቁ ነው። የእህል አገዳ ከሣር አገዳ ይወፍራል፤ ቅጠሉ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ አንጓው ገና ውኃ ይዞ ይቆያል። አንድ ዓመት ቅጠሉን ብቻ አይቼ ከመርኩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ክምሩ የትምባሆ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ማውጣት ጀመረ፤ እጄን እስከ ክርኔ ሳስገባ ሙቀቱ አላስቆይ አለኝ። ስንደው መሀሉ ቡናማ ሆኖ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። እንዲህ የጋለ ክምር ራሱን በራሱ ሊያቃጥልም ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ከክምሩ በፊት አንጓውን በጥፍሬ እፍቃለሁ፤ ልጡ ከተላጠ ወይም ከሥሩ አረንጓዴ እርጥበት ካየሁ ይቆያል። ሌላው መፈተኛዬ ጨው ነው፦ የተከተፈ ድርቆሽ በደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ፣ ደረቅ ጨው ነስንሼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ደጋግሜ እነቀንቀዋለሁ። ጨው ከተጓጎለ ገና አልደረቀም ማለት ነው። የተሰበሰበ ድርቆሽ እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ሲወርድ ልቤ ያርፋል። መሬት ላይ የተዘረጋውን የምገለብጠው ደግሞ ጠዋት፣ ጤዛው ጨርሶ ሳይለቅ ነው፤ በቀትር ከተነካ ቅጠሉ ይረግፋል።

ድርቅ የመታው ሰብል ሲሆን ከሁሉ በላይ እጠነቀቃለሁ። ያን ጊዜ ናይትሬት፣ ማለትም ተክሉ ከአፈር የሚስበው የናይትሮጅን ውህድ፣ በአገዳው የታችኛው ክፍል ይጠራቀማል፤ ማድረቅም አያጠፋውም። ናይትሬት የበዛበት መኖ የከብቱን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ትቼ አጭዳለሁ፤ ከድርቁ በኋላ ዝናብ ከጣለ ወዲያው ማጭድ አላነሣም፣ ሳምንት ያህል እቆያለሁ። ከተጠራጠርኩም ናሙና ላቦራቶሪ ሳላስመረምር ለከብት አልሰጥም።

ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከጣሪያ ሥር አደርገዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ደረቀ ብዬ አልዘነጋውም፤ ማታ ማታ እጄን ወደ መሀሉ አስገብቼ ሙቀቱን አያለሁ።