ያለ ኦቨርሎክ የልብስን ውስጥ ማሳመር

የሰፋችሁትን ልብስ ገልብጡና እዩት። ውጪው አምሮ ውስጡ ክር በክር ከሆነ፣ በታጠበ ቁጥር ጠርዙ እየተበተነ ይሄድና አንድ ቀን ስፌቱ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ብብቱ ወይ ጎኑ ቧ ይላል። ብዙ ሰው መፍትሔው ኦቨርሎክ (ጠርዙን እየቆረጠ በክር የሚጠልፈው ማሽን) ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። እንዲያውም ድሪያን (ስሱን ሰፊ ቀሚስ) እና ሽፎንን ኦቨርሎክ ባይነካቸው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጨርቁ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ያ ሁሉ ጥልፍልፍ ክር ከውጪ ይታያል፣ በድሬ ሙቀት ላይ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ፣ አቦ፣ ሲያሳክክ አይጣል ነው!

ለስስ ጨርቅ የፈረንሳይ ስፌት የሚባለውን ሞክሩ። ጠርዙ ስፌቱ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሰፋ አሮጌ ሲንጀር ይበቃል፣ ዚግዛግ አይጠይቅም። ግን ገና ጨርቁን ስትቆርጡ መወሰን አለባችሁ፤ በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ።

መጀመሪያ ሁለቱን ጨርቆች ፊታቸው ወደ ውጪ እንዲሆን ደርቡ። አዎ፣ ከለመዳችሁት ተቃራኒ ነው፣ የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል፣ ግን ልክ ናችሁ። ከጠርዙ 0.6 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ከርክሙት፤ እዚህ ላይ ሰነፍ መሆን አያዋጣም፣ አንድ የተረሳ ክር በኋላ ፊቱ ላይ እንደ ፂም ብቅ ይላል። አሁን ገልብጡት፣ ፊትና ፊቱ ይገናኝ፣ ስፌቱ ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ በጣታችሁ እያሻችሁ ሙቀቱ ዝቅ ባለ ካውያ ተኩሱት (ካውያውን በቁርጥራጭ ላይ ሳትሞክሩ ሽፎን ላይ አታሳርፉ፣ ሊቀልጥ ይችላል)። ከዚያ ከጫፉ 0.9 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለተኛውን ስፉ። አለቀ። የድሪያ ጎን ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ በዚህ መንገድ ሲሰፋ ያምራል።

ከድሬ ገበያዎች፣ ከቀፊራ ወይ ከታይዋን፣ የገዛችሁት ሽፎን ማሽኑ ላይ እየተንሸራተተ ካስቸገራችሁ ሥሩ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ከወረቀቱ ጋር ስፉት፣ ሲያልቅ ወረቀቱን ቅደዱ። መርፌው ቁጥር 9 ወይም 11 ይሁን፤ ወፍራም መርፌ ጨርቁን ይስባል።

ሽቲ ለመሳሰለው ጥጥ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። እንደተለመደው ስፉ፣ ስፌቱን በካውያ ግራና ቀኝ አስተኙት፣ ከዚያ የየትርፉን ጠርዝ 0.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ትርፉ ላይ ብቻ ስፉ። ቀሚሱን አብራችሁ እንዳትሰፉት! ማሽን ከሌለ በእጅ መዘምዘምም ይቻላል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ጥንካሬው አይታማም።

የክንድ ማስገቢያ ክብ ስለሆነ ለፈረንሳይ ስፌት አይመችም። እዚያ ላይ ከስስ ጥጥ በሰያፍ የተቆረጠ 3 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ጠርዙን አልብሱት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ክቡን ይከተላል፤ በቀጥታ የተቆረጠው ግን ይሸበሸባል።

ለጂንስ የገዛ ሱሪያችሁን እግር ገልብጣችሁ ተመልከቱ። አንዱ ትርፍ በግማሽ ተቆርጦ ሌላው በላዩ ታጥፎ ተኝቶ ከላይ ተሰፍቷል፣ እሱን መኮረጅ ነው።

ለወፍራም ሱፍ ሱሪ ግን ኦቨርሎክ የሚያክለው የለም። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ስትወርዱ ኦቨርሎክ ያለው ሰፊ ጠይቁ። ቁራጮቹን ሳትገጣጥሙ ውሰዱለት፣ እያንዳንዱ ጠርዝ ለየብቻ ይሠራ። የኦቨርሎክ ቢላ ጠርዙን እየቆረጠ ስለሚሄድ ደግሞ «ጫፉን ብቻ ያዝልኝ፣ እንዳትቆርጥብኝ» በሉት፤ አለበለዚያ የሱሪው ወገብ ይጠብባችኋል።