«የለውም» የተባለው «አለው» ሆኖ ሲጻፍ

ከሐኪሞች የድምፅ ማስታወሻ በምንገለብጠው ጽሑፍ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ስህተት ይደጋገም ነበር፤ «ትኩሳት የለውም» የተባለለት ታካሚ ትኩሳት እንዳለው ተደርጎ ይጻፋል። ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በጸሐፊዎቹ ጆሮ ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን የመቅረጫው ነው። ድምፅ ሲሰማ ብቻ እንዲቀርጽ ተስተካክሎ ስለነበር፣ ሐኪሙ ለአፍታ ቆም ብሎ ሲቀጥል የመጀመሪያዋን አጭር ቃል ይውጣት ነበር። ሐኪሞቹ በሚናገሩበት በእንግሊዝኛ ደግሞ አፍራሹ «ኖ» የሚመጣው ከፊት ነው፦ «ኖ ፊቨር»! ያንን ማስተካከያ አጥፍተን ያለማቋረጥ እንዲቀርጽ ስናደርገው ችግሩ ጠፋ።

የመድኃኒት መጠን ግን በዚህ አልዳነም። «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በጥራት በተቀረጸ ድምፅም ይምታታሉ። ስለዚህ ሐኪሞቹ 15ን «አንድ፣ አምስት» ብለው በየአሃዙ እንዲደግሙት ጠየቅን (አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ይሁን)። ስንጽፍም 5 ሚሊግራምን 5.0 አንልም፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ትሆናለች። ግማሽ ሲሆን ግን ዜሮዋ ከፊት ትቀመጣለች፦ 0.5። ስማቸው የሚመሳሰለው ሃይድራላዚን ለደም ግፊት፣ ሃይድሮክሲዚን ለአለርጂ ማሳከክ የሚሰጡ መድኃኒቶች ስለሆኑ፣ ሲነሱ ከታካሚው ሕመም ጋር እናመሳክራለን። በደንብ ያልተሰማ ቃል በግምት አይሞላም፤ ቦታው ባዶ ይተውና የቅጂው ደቂቃ ተጽፎበት ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።