ሰርቨሩ ዳታቤዙን አላገኘሁትም ሲል ምን ይደረጋል?

ኮዱን ማንም አልነካውም። ትናንት ይሰራ ነበር። ዛሬ ግን አፑ ሲሽከረከር ይቆይና ታይምአውት ብሎ ያርፈዋል። እንዲህ ሲሆን ኮድ መበርበሩን ተዉት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። የምጽፈው ስለ አማዞን ክላውድ ነው፤ አፑ የሚሰራበት ማሽን ኢሲቱ (የአማዞን የኪራይ ሰርቨር)፣ ዳታቤዙ ደግሞ አርዲኤስ (የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት) ላይ ያለ ፖስትግሬስ፣ ፖርቱ (የሚገባበት በር ቁጥር) 5432። የእናንተ ማይኤስኪውኤል ከሆነ 3306 በሉት።

1. ከማሽኑ ላይ ሞክሩ

«ከላፕቶፔ እኮ ይገባል» ምንም አያረጋግጥም። ዳታቤዙን በኮንሶሉ ስትፈጥሩ ለኢንተርኔት ክፍት ይሁን ብላችሁ፣ አዲስ ሴኪዩሪቲ ግሩፕም (ማን እንደሚገባ የሚወስን የፈቃድ ዝርዝር) ካስከፈታችሁ፣ ያን ሰዓት የምትጠቀሙበትን አይፒ ራሱ ይፈቅድላችኋል። ማሽኑ ግን ሌላ አይፒ ነው ያለው። እሱን ማንም አልፈቀደለትም።

ስለዚህ በኤስኤስኤች ማሽኑ ውስጥ ግቡና እዚያው ሞክሩ። እኔ ኔትካት (ፖርቱ ጋ መድረስ መቻሉን የሚሞክር ትዕዛዝ) ነው የምጠቀመው፤ የዳታቤዙን አድራሻና ፖርቱን ሰጥቼ አምስት ሰከንድ ብቻ ጠብቅ እለዋለሁ። በአፑ ወይም በፒኤስኪውኤል (ፖስትግሬስን የሚጠራ ትዕዛዝ) መሞከር አልወድም። ሊኑክስ መልስ ያጣ ግንኙነትን ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል። አስሬ ከሞከራችሁ ሃያ ደቂቃ ሄደ ማለት ነው።

2. ስህተቱን አንብቡት

በር አንኳኩታችሁ ማንም ካልመለሰ አንድ ነገር ነው። ዘበኛው ብቅ ብሎ «እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ካላችሁ ደግሞ ሌላ።

ታይምአውት ዝምታ ነው። የላካችሁት ፓኬት የሆነ ቦታ ተውጦ ቀርቷል፤ ቀጣዩን ክፍል አንብቡ። «ከኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ግን የሆነ ቤት ደርሳችኋል፣ በዚያ ፖርት የሚሰማ የለም እንጂ። ፖርቱን እዩ። ከዚያ አፑ ሎካልሆስት ላይ እየሞከረ እንዳይሆን ሴቲንጉን እዩ፤ የዳታቤዙን አድራሻ የያዘው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሳይነበብ ቀርቶ አፑ የራሱን ማሽን ሲያንኳኳ ስንቴ እንዳየሁ! ፓስወርድ ተሳስቷል ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው።

3. ስሙ ወደ የትኛው አይፒ ነው የሚወስዳችሁ?

እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት።

ዳታቤዜ አንድ ቪፒሲ (አማዞን ላይ ለብቻው የታጠረ የግል ኔትወርክ) ውስጥ ነበር፣ ማሽኑ ሌላ ቪፒሲ ውስጥ። ያኔ ብዙም ሳይገባኝ ዳታቤዙን ለኢንተርኔት ከፈትኩትና የማሽኑን ፐብሊክ አይፒ በ/32 (ያንን አንድ አይፒ ብቻ ማለት ነው) ፈቀድኩለት። ለወራት ሰራ። አንድ ቅዳሜ ማታ ማሽኑ ጠበበኝና ከፍ ላድርገው ብዬ አጥፍቼ አስነሳሁት። ሳይቱን እንኳን ሳላይ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት አቦሉን ገና ስይዝ ስልኬ ጮኸ። በረካው ሲቀዳ እኔ አሁንም ላፕቶፔ ላይ አፍጥጫለሁ። ለካ ኢሲቱ ሪቡት ሲደረግ ፐብሊክ አይፒውን ይይዛል፤ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ኢላስቲክ አይፒ (የማይቀየር አድራሻ) ካልተመደበለት ሌላ ይሰጠዋል። እኔ የፈቀድኩት የድሮውን ነው።

ቀጥሎ ያደረግኩትን እናንተ እንዳታደርጉት። ደንግጬ 0.0.0.0/0 ብዬ ለዓለም ሁሉ ከፈትኩት። ሳይቱ ወዲያው ተነሳ። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ፤ ነገ የተባለው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሎጉን ስከፍተው ከማላውቀው አገር ሁሉ «ፖስትግሬስ» በሚለው ስም ፓስወርድ የሚሞክር ተሰልፏል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በወጉ ልስራው ብዬ ሁለቱን ቪፒሲዎች በፒሪንግ (ቪፒሲን ከቪፒሲ በሚያገናኝ የውስጥ መስመር) አገናኘሁ። ፓኬት በየት እንደሚሄድ የሚናገረውን ሩት ቴብል በሁለቱም በኩል ሞላሁ (በአንድ በኩል ብቻ ከሞላችሁ መልሱ መመለሻ ያጣል)። የማሽኑን ቪፒሲ የውስጥ አድራሻ፣ 10 ብሎ የሚጀምረውን፣ በዳታቤዙ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ፈቀድኩ። ለዓለም የከፈትኩትን ዘጋሁ። እንደገና ታይምአውት!

ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ግን አይሰራም። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ዲግ የሚባለውን ትዕዛዝ ማሽኑ ላይ አስነስቼ የዳታቤዙን ስም ጠየቅኩት። የመለሰልኝ ፐብሊክ አይፒ ነው። ማለትም ፒሪንጉ እዚያው ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ ፓኬቱ ግን በኢንተርኔት በኩል ዞሮ ይሄዳል። ዳታቤዙ ጋ ሲደርስ የያዘው አድራሻ የማሽኑ ፐብሊክ አይፒ እንጂ የፈቀድኩለት 10 አይደለም። ሴኪዩሪቲ ግሩፑ አላወቀውምና በዝምታ ዋጠው፤ ልክም ነው።

መፍትሔው አንድ ምልክት ነበር። ፒሪንጉ ላይ ስሞች ወደ ውስጥ አይፒ እንዲፈቱ የሚያደርግ የዲኤንኤስ ምርጫ አለ፤ ሲፈጠር ጠፍቶ ነው። ከዳታቤዙ ቪፒሲ በኩል አበራሁት። ዲግ በ10 የሚጀምር አይፒ መለሰ፣ ኔትካትም ገባ።

ስለዚህ አሁን ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ከመንካቴ በፊት ዲግ ነው የማስነሳው። በ10፣ በ192.168 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ከጀመረ የውስጥ ነው። ማሽኑና ዳታቤዙ አንድ ቪፒሲ ውስጥ ሆነው ፐብሊክ አይፒ ከመጣ ደግሞ የቪፒሲው የዲኤንኤስ ሴቲንግ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም መብራት አለባቸው።

4. ሴኪዩሪቲ ግሩፕ

ፈቃዱ የሚጻፈው ዳታቤዙ ላይ ነው፣ ኢንባውንድ (የሚገባ) በሚለው ስር። ብዙ ሰው ማሽኑ ላይ ጽፎ ይጠብቃል። ከየት የሚለው ቦታ ላይ አይፒ አትጻፉ፤ የማሽኑን ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ራሱን ምረጡ። ማሽኑ ቢቀየር፣ ሦስት ቢሆን፣ ፈቃዱን አትነኩትም። ይሄም ታዲያ የሚሰራው በውስጥ አይፒ ለሚመጣ ብቻ ነው።

አርዲኤስ ራሱ ከኢሲቱ ጋር የሚያገናኝ በተን አለው። ይሰራል፤ ሁለት ሴኪዩሪቲ ግሩፖች ፈጥሮ ያያይዝላችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በእጃችሁ ብትሰሩት እመርጣለሁ፣ በኋላ ሲበላሽ የት እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

5. አሁንም ዝም ካለ

ኔትወርክ ኤሲኤሉን (ቪፒሲው ውስጥ ያለውን ሌላ ማጣሪያ) እዩ። ካልተነካ ሁሉንም ያሳልፋል፣ ስለዚህ መጠርጠር ያለባችሁ የሆነ ሰው ነካክቶት ከሆነ ነው። እንደ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ የወጣውን አስታውሶ መልሱን አያስገባም። ከዳታቤዙ የሚመለሰው ከ1024 እስከ 65535 ባሉ ፖርቶች ነውና እነሱም መፈቀድ አለባቸው። ዓይናችሁ ከደከመ ሪቸቢሊቲ አናላይዘር የሚባለው መሣሪያ የቱ ጋ እንደታገደ ይነግራችኋል። በእያንዳንዱ ሙከራ ያስከፍላል፣ ትንሽ ነው።

6. ገብቶ ከተባረረ

ፖስትግሬሱን ከቨርዥን 14 ወደ 15 ካሳደጋችሁ በኋላ በፒጂ ኤችቢኤ ፋይል (ማን እንደሚገባ የሚጻፍበት የፖስትግሬስ ፋይል) ውስጥ አልተመዘገባችሁም የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። ፋይሉን ፍለጋ አትውጡ፣ አርዲኤስ ላይ አታገኙትም። የመልእክቱን መጨረሻ አንብቡ፤ ግንኙነቱ አልተመሰጠረም ይላል። ከ15 ጀምሮ ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው) አርዲኤስ ላይ ግዴታ ሆኖ ነው የሚመጣው። አፑ ዳታቤዙን የሚጠራበት መስመር ላይ ኤስኤስኤል ሞድ የሚለውን ሪኳየር አድርጉት፣ ይገባል።