የን ላይ የጨመርኩት መቶ እጥፍ

አንድ የጃፓን ደንበኛ "1,500 የን የሚል አይቼ ገዛሁ፣ ከካርዴ ላይ ግን 150,000 ተቆረጠ" ብሎ ጻፈልኝ። ክው አልኩ። በዶላርና በዩሮ ለሚከፍሉት የጻፍኩት የክፍያ ሲስተም ለወራት ያለ እንከን ሠርቷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የምንዛሪ ተመኑን ነበር። ግማሽ ቀን እሱን ሳገላብጥ ዋልኩ፣ በከንቱ። በኋላ ቁጥሩን ልብ ብዬ ሳየው ልክ መቶ እጥፍ ነው። ተመን ቢሳሳት እንዲህ ድፍን ሆኖ አይመጣም።

ለካ የክፍያ ኤፒአዩ (ኮዴ የክፍያ ትእዛዝ የሚልክበት መገናኛ) ገንዘብ የሚቀበለው በየገንዘቡ ትንሿ መለኪያ ነው። 15 ዶላር ሲሆን 1,500 ሳንቲም ተብሎ ይላካል። ስለዚህ ኮዴ ያገኘውን ሁሉ በ100 ያባዛል። የን ግን ሳንቲም የለውም፤ 1,500 የን እንዳለ 1,500 ነው። የኩዌት ዲናር ደግሞ 1,000 ፊልስ ነው። በሱ ሸጬ ቢሆን ኖሮ የማስከፍለው አንድ አሥረኛውን ነበር። ያኔ ደግሞ ማንም ቅሬታ አይጽፍልኝም!

በ100 ማባዛቱን አወጣሁት። በምትኩ የየገንዘቡን የአስርዮሽ ቤት ብዛት ከአይኤስኦ 4217 (የገንዘቦች መለያ ኮድ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ወስጄ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ የን 0፣ ዶላር 2፣ የኩዌት ዲናር 3። ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከመጣ ክፍያው ይቆማል እንጂ በግምት አይሄድም።

ደረሰኙም ጉድ ነበረው። መልሶ በ100 ስለሚያካፍል 1,500 ብሎ ያሳይ ነበር፤ ስህተቱ ሳይታየኝ የቆየው ለዚህ ነው። እሱንም ተመላሽ ክፍያውንም ከሰንጠረዡ ጋር አገናኘኋቸው። ለደንበኛው በትርፍ የተቆረጠበትን በዚያው ቀን መለስኩለት።