በዘመናዊው «ሐምሌት» ፊልም ውስጥ ክህደትን ስንተነትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ሐምሌት»፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በማይክል አልሜሬይዳ አዘጋጅነት ወደ ዘመናዊቷ ኒው ዮርክ ተዛውሮ በፊልም ተሠርቷል፤ የዴንማርክ መንግሥት በዚያ ትልቅ ኩባንያ ሆኗል። ደሴ ላይ የፊልም ድርሰት ለሚሞክሩ ወጣቶች ከዚህ ፊልም የሚቀሰም ብዙ ነገር አለ፤ ሆኖም ክህደቱን በተመለከተ የሚደጋገሙ ስህተቶች ትምህርቱን ያበላሹታል።

አንደኛው፣ ክህደትን የሐምሌት አጎት የሆነው የንጉሡ የክላውዲየስ ብቻ ማድረግ ነው። ወንድሙን፣ የሐምሌትን አባት፣ መግደሉ ታሪኩን ይቀሰቅሳል፤ የሐምሌትን ልብ የሚያደማው ግን የሚወዳቸው ሰዎች አንድ በአንድ ለአጎቱ ማደራቸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ዘመናዊ ዕቃዎቹን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ማለፍ ነው። በተውኔቱ የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስና ንጉሡ ራሱ ሐምሌት ከሚወዳት ከኦፌሊያ ጋር ሲነጋገር ተደብቀው ያዳምጣሉ፤ ሐምሌት ይህን ማወቅ አለማወቁም ለአዘጋጁ የተተወ ነው። በፊልሙ ግን ፖሎኒየስ ማይክሮፎን በገዛ ልጁ በኦፌሊያ ልብስ ሥር ያስራል፤ ሐምሌትም በፍቅር ሲጠጋት እጁ ሽቦው ላይ ያርፋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የሚናገረው የቁጣ ቃል ሁሉ ምክንያት አለው። ኦፌሊያም አባቷ ሲያስርባት እየተከዳች፣ ታጥቃው ስትሄድ ደግሞ እየከዳች ናት፤ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

ሐምሌትን ንጹሕ ተበዳይ ማድረግም ያሳስታል፤ አውሮፕላን ውስጥ በላፕቶፕ ያገኘውን፣ እሱን ለማስገደል የተላከ የሞት ትእዛዝ ለውጦ ሁለት የልጅነት ጓደኞቹን ለሞት ይዳርጋል።

ታሪኩን ወደ ደሴ ለማምጣት የሚያስቡ ደግሞ ስምና ልብስ መቀየር ይበቃል ብለው እንዳይነሱ። በሼክስፒር ዘመን የወንድምን ሚስት ማግባት በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ ስለነበር የክላውዲየስና የሐምሌት እናት ጋብቻ ራሱ ተመልካቹን ያስደነግጥ ነበር፤ በአገራችን አንዳንድ አካባቢዎች ግን የሟች ወንድምን ሚስት መውረስ የታወቀ ልማድ በመሆኑ፣ እንዲሁ ቢቀርብ ክህደትነቱ ሊደበዝዝ ይችላል። እዚህ የሚያስደነግጠው ጥድፊያው ነው፤ ሐምሌት እናቱ ወር እንኳ ሳይሞላ አገባች ይላል። ይህ ማለት በክርስቲያን ቤት የአርባ ተዝካሩ ሳይወጣ፣ በሙስሊም ቤት የ4 ወር ከ10 ቀኑ ዒዳ (ባሏ የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) ገና ሳይጋመስ ነው። ስለዚህ ደራሲው የሰርጉን ቀን ለቅሶ ደራሹ ገና ሳያልቅ ቢያደርገው፣ የደሴ ተመልካች ከሁለቱም ወገን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።